ስፔሻል በርገር በቤት፦ እንቁላሉ እንዳይንሸራተት፣ ዳቦው እንዳይርስ

ቤት ውስጥ የሚሠራ ስፔሻል በርገር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። እንቁላሉ ከሥጋው ላይ ተንሸራቶ ሰሃን ላይ ይወድቃል፣ የታችኛው ዳቦ ርሶ እጅ ላይ ይቦጨቃል፣ ወይም አስኳሉ እንደ ቅቅል ደርቆ ይቀርባል። ምክንያቱ ውሃና ቅደም ተከተል ነው። ከሽንኩርቱ፣ ከአይቡና ከቲማቲሙ ቀድሞ ያልወጣ ውሃ በርገሩ ውስጥ ይወጣል። ቀድሞ የተጠበሰ እንቁላል ደግሞ ሥጋው እስኪደርስ ሲጠብቅ በራሱ ሙቀት እየበሰለ ይደርቃል። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያያዘው በአንድ ነገር ነው፦ እርጥቡን አስቀድማችሁ አድርቁ፣ እንቁላሉን በመጨረሻ ጥበሱ።

መጠኑ ለአራት ሰው ነው። የታሰበውም ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ላለ ቤት ነው። ሥጋው ከሰፈር ልኳንዳ ይገዛል፤ እሳቱ ቡታጋዝ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ከሰል ነው፤ መብራትም መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ዝግጅቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ የመጨረሻው የምድጃ ሥራ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወስኑ፦ ምን ምን ይጫናል?

እንቁላል ካለ ከእሱ ሌላ ከሁለት ነገር በላይ አትጫኑ፤ አይብ ወይም ቺዝ ከሁለቱ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ከሁለቱ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ደረቅ ወይም የሚንኮሻኮሽ ይሁን። የሚያስተማምኑት ጥምረቶች እነዚህ ናቸው፦

- እንቁላል፣ በቀስታ የበሰለ ሽንኩርትና የተጠበሰ ቋንጣ
- እንቁላል፣ በሚጥሚጣ የታሸ አይብና በእሳት የተለበለበ ቃሪያ
- እንቁላል፣ ፕሮቮሎን ወይም ጎውዳ ቺዝ እና ቋንጣ

አቮካዶና እንቁላል አንድ ላይ ሁለቱም ይንሸራተታሉ። አቮካዶ የግድ ከተፈለገ አትቁረጡት፤ በሹካ አድቅቃችሁ፣ ጨውና ሎሚ ጨምራችሁ የታችኛው ዳቦ ላይ ቀቡት። ዱለት በርገር ላይ ይጣፍጣል፤ ከእንቁላል ጋር ግን አይሄድም። ሁለቱም ከባድና እርጥብ ስለሆኑ ዳቦው አይችላቸውም። ዱለት ስትጭኑ እንቁላሉን ተዉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግማሽ ኪሎ ቀይ የበሬ ሥጋ እና 125 ግራም ጮማ
- 4 የበርገር ዳቦ፣ ወርዱ ከ10 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር
- 6 እንቁላል (ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው)
- ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት
- 60 ግራም ቋንጣ
- በመረጣችሁት ጥምረት መሠረት 4 ስስ ቁራጭ ቺዝ ወይም ሩብ ኪሎ አይብ
- 4 የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ እና 1 የሻይ ማንኪያ አዋዜ
- ንጥር ቅቤ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አንድ ሎሚ
- ሁለት መጥበሻ፣ ልካቸው የሆነ ክዳን፣ ስስ መገልበጫ፣ አራት የቡና ሲኒ፣ ሶፍት፣ ስቲኪኒ

የእንጀራ ምጣድ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ምጣዱ የሥጋውን ስብ ይጠጣል፤ ሽታውም በሚቀጥለው እንጀራ ላይ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ግዢ

*ሥጋ።* ልኳንዳ ገብታችሁ "ለበርገር ፍጭልኝ" ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ ስብ የሌለው ደቃቅ ቀይ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ለሳንቡሳ እንደሚፈጨው ማለት ነው። እሱ መጥበሻ ላይ ይኮማተራል፣ ይደርቃል። የእኛ አገር በሬ በአብዛኛው በሣርና በገለባ ስለሚያድግ ቀዩ ሥጋ ውስጥ ያለው ስብ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ስቡን እናንተ ጨምሩ። ግማሽ ኪሎ ከዳቢት፣ ላዩ ላይ ከሻኛ ወይም ከነጭ ጮማ 125 ግራም አስመዝኑ። ሁለቱም አንድ ላይ፣ በሰፊው ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጩ። ሰፊ ቀዳዳ ከሌለ ሳይፈጭ ውሰዱትና ቤት ውስጥ በስለታም ቢላ ክተፉት፤ ከክትፎ ትንሽ ጎላ ያለ ይሁን። እንዲያውም የተከተፈው ከተፈጨው ይሻላል።

ረቡዕና ዓርብ በጾሙ ምክንያት ብዙ ልኳንዳዎች ስለማይሠሩ ቅዳሜ ጠዋት ገዝቶ የዚያኑ ቀን መሥራት ይመረጣል። የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ከአንድ፣ ቢበዛ ከሁለት ቀን አይለፍ። ሐሙስ አስፈጭቶ ለእሑድ ማቆየት አይሆንም።

*እንቁላል።* አዲስ እንቁላል ነጩ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ የቆየው ግን መጥበሻ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ አስገቡት። አግድሞ ታች ከተኛ አዲስ ነው። ቆሞ ታች ከቀረ ቆይቷል፤ ሙሉ በሙሉ አብስላችሁ ብሉት እንጂ አስኳሉ ፈሳሽ ለሚቀርብበት በርገር አታውሉት። ከተንሳፈፈ ጣሉት። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ ነው፣ ግን አነስ ይላል፤ ዳቦው ሰፊ ከሆነ ለአንድ በርገር ሁለት ያስፈልጋል። የተሰነጠቀ አትግዙ።

*ቋንጣ።* ሰብራችሁ ሞክሩት። ቀጭኑ ጫፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከታጠፈ ውስጡ እርጥብ ነው። በክረምት፣ በተለይ እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ቦታ፣ የተሰቀለ ቋንጣ ሳይደርቅ ቀርቶ ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበትን፣ የኮመጠጠ ሽታ ያለውን አትውሰዱ። ጠርጎ መጥበስ ሻጋታውን አያስተካክለውም።

*ዳቦ።* ከተገኘ ሰሊጥ ያለበት፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ። እንደ ኬክ የሚፈረፈር ጣፋጭ ዳቦ አስኳል አይችልም። የትናንት ዳቦ ለዚህ ሥራ ከዛሬው ይሻላል።

ደረጃ 2፦ መቆየት የሚችለውን አስቀድሙ

*ሽንኩርት (45 ደቂቃ ገደማ)*

1. ሽንኩርቱን ለሁለት ከፍላችሁ በስሱ እንደ ጨረቃ ቁረጡት። ለወጥ እንደምታደርጉት አታድቅቁት፤ የደቀቀ ሽንኩርት እንቁላል መያዝ አይችልም።
2. ዘይት ሳትጨምሩ መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉት። ቁሌት የለመደ እጅ ይህን ያውቀዋል። 10 ደቂቃ እያማሰላችሁ ውሃው ይውጣ።
3. 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። እሳቱን ዝቅ አድርጉት።
4. ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉት፣ በየሦስት ደቂቃው አገላብጡ። መጥበሻው ሥር ቡናማ ነገር ሲይዝ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ፋቁት። ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው።
5. በርበሬ የምትወዱ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ከጥቂት ውሃ ጋር ከመውጣቱ 5 ደቂቃ በፊት ጨምሩ። በመጨረሻው ሰዓት ብትነሰንሱት ጥሬ ጥሬ ይላል።

መድረሱን የምታውቁት በማንኪያ ወደ ጎን ስትገፉት የመጥበሻው ሥር ደረቅ ሆኖ ሲታይ ነው። ፈሳሽ ተመልሶ ከመጣ ገና ነው። ያ ፈሳሽ ነው በኋላ ዳቦውን የሚያርሰው።

*ካረረ፦* ጥቂት ጥቁር ክር ብቻ ከሆነ ልቀሙት። ሁሉም ከመረረ ጣሉት። ስኳር ጨምሮ መራራውን ለመሸፈን መሞከር በርገሩን በሙሉ ያበላሻል፤ በዚያ ቀን ያለ ሽንኩርት ሥሩ።

*ቋንጣ (5 ደቂቃ)*

ቋንጣውን በ3 ሳንቲ ሜትር ልክ ቆራርጡት። ወፍራም ከሆነ በዘነዘና ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አሳሱት። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝቅተኛ እሳት አሙቁ፣ ቋንጣውን ጨምራችሁ ሳታቋርጡ እያገላበጣችሁ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጥበሱ። ሶፍት ላይ አውጡት። ሲቀዘቅዝ ይንኮሻኮሻል፤ በጣታችሁ ሰባብሩት።

እዚህ ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከእሳቱ ነው። ቋንጣው ላይ ያለው በርበሬ ከሥጋው ቀድሞ ያርራል። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ በኃይል ከተንጫጫ መጥበሻውን ወዲያው ከእሳት አንሱት፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ቋንጣ ጨዋማ ስለሆነ የበርገሩ ሥጋ ላይ የምታደርጉትን ጨው በግማሽ ቀንሱ።

*አይብ (የምትጠቀሙ ከሆነ)*

አይብ እንደ ፕሮቮሎን አይቀልጥም። ወተቱ የረጋው በኮምጣጣነቱና በሙቀት ስለሆነ ቢሞቅም ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ሥጋው ላይ ጭኖ እስኪቀልጥ መጠበቅ ሥጋውን ማድረቅ ነው። ያለመቅለጡን ግን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፦

1. አይቡን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ማጥለያ ላይ አስቀምጡ፤ ክብደት ጫኑበትና ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት አቆዩት።
2. የወጣውን ውሃ ደፍታችሁ አይቡን በ1 የሻይ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ በሁለት ቁንጥር ሚጥሚጣና በጨው እሹት።
3. አራት ቦታ ከፍላችሁ ክብ አድርጋችሁ ጠፍጥፉ። መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጉት። እንቁላሉ የሚቀመጠው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይንሸራተትም።

ከታሸ በኋላ ከተፈረፈረ በጣም ደርቋል፤ አንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ይይዘዋል።

*የቀሩት ትንንሽ ነገሮች።* ማዮኔዝና አዋዜውን ከጥቂት የሎሚ ጠብታ ጋር ቀላቅሉ። ቤት ውስጥ በጥሬ እንቁላል የተመታ ማዮኔዝ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር አታሳድሩ፤ የታሸገውን ተጠቀሙ። ቃሪያውን እሳት ላይ ለብልባችሁ፣ ፍሬውን አውጥታችሁ በቀለበት ቁረጡ። ቲማቲም የሚፈልግ ሰው ካለ በስሱ ቁረጡ፣ ጨው ነስንሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ፣ በሶፍት አድርቁ።

ደረጃ 3፦ ሥጋውን መጠፍጠፍ

1. ሥጋው ከፍሪጅ ቀዝቃዛ ይውጣ። ሲሞቅ ስቡ እጅ ላይ ይቀልጣል።
2. አራት እኩል ቦታ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 155 ግራም ገደማ ይሆናል።
3. በእርጥብ እጅ አንከባሉት፣ ከዚያ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስኪደርስ ጠፍጥፉት። ከዳቦው መስፋት አለበት፣ ምክንያቱም ሲጠበስ ይሰበሰባል።
4. መሃሉን በአውራ ጣት ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት። ካላደረጋችሁ እንደ ኳስ ያብጥና እንቁላሉ ከላዩ ይንከባለላል።
5. ፍሪጅ መልሱት፣ 20 ደቂቃ ይቆይ።

ሥጋው ውስጥ ሽንኩርት፣ እንቁላልና የዳቦ ዱቄት አትቀላቅሉ። ሽንኩርቱ ውሃ ይተፋል፣ ሥጋውም ይሰነጣጠቃል። ጨውም ውስጥ አታሹ፤ ጨው ከሥጋው ጋር ሲታሽ ሥጋውን እንደ ላስቲክ ያጠነክረዋል። ከመጥበሱ በፊት ላዩ ላይ ብቻ ነስንሱ።

*ሲጠፈጠፍ ከተፈረካከሰ፦* ወይ ስቡ አንሷል፣ ወይ በጣም ጎላ ብሎ ተከትፏል። ግማሽ ደቂቃ ብቻ እሹትና እንደገና ጠፍጥፉ። ከዚያ በላይ አትሹት።

ደረጃ 4፦ እሳቱን ማዘጋጀት

ቡታጋዝ ሁለት ምድጃ ካለው ሥራው ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ቁልፉን ዝቅ ብታደርጉትም ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ማቀዝቀዝ ስትፈልጉ ቁልፉን ሳይሆን መጥበሻውን አንሱ።

ከሰል ከሆነ ላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ለሥጋው ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፤ ለእንቁላሉ የሳሳው ጎን ይበቃዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል በተዘጋ ክፍል ወይም በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ከቀላ በኋላም የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ ይገድላል። ግቢ ወይም ክፍት በረንዳ ላይ ሥሩ፤ ሲያልቅም ምድጃውን ለሙቀት ብላችሁ ወደ ቤት አታስገቡ። ቡታጋዝም ከሸተታችሁ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ካበጠ ሲሊንደሩን ዝጉ።

ደረጃ 5፦ የመጨረሻው 15 ደቂቃ

ከዚህ በኋላ ምንም ነገር የሚፈለግበት ጊዜ የለም። ሽንኩርቱ ለብ ብሎ፣ ቋንጣው ተሰባብሮ፣ ማዮኔዙ ተቀላቅሎ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። እንግዶች እጃቸውን ታጥበው ይቀመጡ። ሰው እንቁላልን ይጠብቃል እንጂ እንቁላል ሰውን አይጠብቅም።

*ዳቦ፣ ከ0 እስከ 3 ደቂቃ*

የተቆረጠውን ፊት በስሱ ቅቤ ቀቡና መካከለኛ እሳት ላይ ፊቱን ደፍታችሁ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ። ወዲያው አንዱን በአንዱ ላይ አትደራርቡ፤ እንፋሎቱ መልሶ ያለሰልሰዋል። ጎን ለጎን ዘርጉት።

*ሥጋ፣ ከ4 እስከ 10 ደቂቃ*

1. ትልቁን መጥበሻ በኃይለኛ እሳት አሙቁ። የውሃ ጠብታ ስትጥሉ ወዲያው መፍለቅለቅ አለበት። ዘይት ቀጭን ፊልም ያህል ብቻ።
2. ሥጋውን ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳችሁ አስገቡ። 3 ደቂቃ አትንኩት። በመገልበጫ አትጫኑት፤ ስትጫኑት የሚንጫጫው ከሥጋው የሚወጣው ጭማቂ ነው።
3. ገልብጡት። 2 ደቂቃ ተኩል።
4. ቺዝ ከሆነ አሁን ጫኑ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ በመጥበሻው ጠርዝ ጠብ አድርጉና ለ45 ሰከንድ ክደኑ። አይብ ከሆነ ሥጋው ከወጣ በኋላ ይጫናል።
5. ሰሃን ላይ አውጥታችሁ 3 ደቂቃ አሳርፉ። እንቁላሉ የሚጠበሰው በእነዚህ 3 ደቂቃዎች ነው።

መጥበሻው አራቱን ሳይጨናነቁ የማይዝ ከሆነ ሁለት ሁለት አድርጉ። ከተጨናነቁ ይቀቀላሉ እንጂ አይጠበሱም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለለመደ ሰው ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይና መፍጫው ላይ ያለው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። የበርገር ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ኮሶም የሚሞተው በደንብ ሲበስል ነው። ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንዱን ከፍላችሁ እዩ፤ መሃሉ ጥሬና ለስላሳ ከሆነ ሁሉንም ለአንድ ደቂቃ መልሱ። ያ የተከፈለው የእናንተ ድርሻ ይሁን።

*እንቁላል፣ ከ9 እስከ 14 ደቂቃ*

1. ሥጋው ሊወጣ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛውን መጥበሻ በዝቅተኛና በመካከለኛ መካከል ባለ እሳት ላይ ጣዱ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት።
2. እያንዳንዱን እንቁላል ለብቻው የቡና ሲኒ ውስጥ ስበሩት። ሲኒው ልኩ ነው፦ አስኳሉ ከፈሰሰ፣ ደም ካለው ወይም ከሸተተ ሌላውን ሳይነካ ይቀየራል። ነጩ ቀጭን ከሆነ በሻይ ማጥለያ ላይ ለአሥር ሰከንድ አሳርፉት። እንደ ውሃ የሆነው ይወርዳል፣ ወፍራሙ ይቀራል።
3. የሲኒውን ከንፈር ዘይቱ አጠገብ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ አንሸራትቱት። ከላይ አትጣሉት። በአንድ ጊዜ ሁለት ብቻ።
4. ጠርዙ ነጭ ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ የተንጣለለውን ነጭ በመገልበጫ ጫፍ ወደ አስኳሉ እጠፉት። የእንቁላሉ ስፋት ከሥጋው አይለፍ።
5. አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ በጠርዝ ጠብ አድርጉ፣ ክደኑ። ከ50 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ።
6. ክዳኑን ከፍታችሁ አስኳሉን ከጎን እዩት። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፤ ሲደርስ ጉም እንዳረፈበት መስታወት ስስ ነጭ ሽፋን ይይዛል። መጥበሻውን ነቅነቅ ስታደርጉ ነጩ ይቆማል፣ አስኳሉ ይንቀጠቀጣል። አሁኑኑ አውጡ።
7. ሶፍት ላይ አሥር ሰከንድ አሳርፉ፣ ዘይቱን ይጠጣላችሁ። ጨው አሁን።

ከባሕር ጠለል እኩል በሆነ ቦታ ላሉ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች በክዳኑ ሥር ያነሰ ጊዜ ሊሰጡ ይችላሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእንፋሎቱም ሙቀት የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። መፍትሔው ጊዜ መጨመር ነው። እሳት ብትጨምሩ ሥሩ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ላዩ ጥሬ እንደሆነ ይቀራል።

*ሲበላሽ፦*

- አስኳሉ መጥበሻው ላይ ከፈነዳ ገልብጡትና ሙሉ በሙሉ አብስሉት። ለልጅ ወይም ለነፍሰ ጡር የሚሆነው እሱ ነው። መጠባበቂያ ሁለት እንቁላል የያዛችሁት ለዚህ ነው።
- አስኳሉ ዙሪያ ጥሬ ነጭ ከቀረ ከመጥበሻው ጥግ ትኩስ ዘይት በማንኪያ እየቀዳችሁ ያንኑ ቦታ ብቻ አጠጡት።
- ከተጣበቀ አትፋቁት። ከእሳት አንስታችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ መገልበጫውን አጋድማችሁ አስገቡ።
- አስኳሉ ላዩ ነጭ ሆኖ ከጠነከረ አልፏል። በርገሩ ላይ ስትጭኑት አንድ ማንኪያ የአዋዜ ማዮኔዝ ጨምሩበት፤ ድርቀቱን ይቀንሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈሳሽ አስኳል የሳልሞኔላ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ለትንንሽ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና በሕመም ለደከሙ ሰዎች አስኳሉን አጠንክራችሁ አቅርቡ። ጥሬ ሥጋና እንቁላል የነካ እጅና መክተፊያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ዳቦውን ንኩ።

ደረጃ 6፦ አደራረብ

ከታች ወደ ላይ (በጥምረታችሁ ውስጥ የሌለውን ዝለሉ)፦

1. የታችኛው ዳቦ።
2. የአዋዜ ማዮኔዝ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። ቅባቱ የሥጋው ጭማቂ ወደ ዳቦው እንዳይገባ ይከላከላል።
3. ሥጋው ከነቺዙ። ሰሃኑ ላይ የቀረውን ጭማቂ አታፍስሱበት።
4. ሽንኩርቱ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ክምር አታድርጉት፤ እንደ ወፍ ጎጆ መሃሉን ክፍት አድርጋችሁ ዙሪያውን አስቀምጡት። አይብ ከሆነ ጉድጓዱ ወደ ላይ ይሁን።
5. እንቁላሉ፣ አስኳሉ ጎጆው መሃል ላይ።
6. ቋንጣው ወይም ቃሪያው፣ በአስኳሉ ዙሪያ። እንቁላሉ ሥር ከሆነ ይለሰልሳል።
7. የላይኛው ዳቦ። በመዳፍ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ እንጂ አትጫኑ።

ስቲኪኒ ስትሰኩ ከመሃል ወደ ጎን ሁለት ሳንቲ ሜትር አርቁ። መሃሉን ከወጋችሁት አስኳሉ ገበታ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ቁመቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አፍ አይገባም፤ አንድ ነገር አውጡ።

የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡ፤ የሚወርደውን አስኳል ወረቀቱ ይይዘዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለታላላቆቹ አቅርቡና ወዲያው እንዲጀምሩ ለምኗቸው። "ሁሉም ይቅረብና አብረን" የሚለው ይሉኝታ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ አስኳሉ ይጠነክራል። የቀሩት ሁለት እንቁላሎች 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃሉ። መጥበሻውን በሶፍት ጥረጉት፣ አዲስ ዘይት ጨምሩ፤ በአሮጌው ዘይት ላይ የቀረው ፍርፋሪ ሁለተኛውን ዙር ያጠቁረዋል።

ለጉርሻ መቁረጥ የሚፈልግ ካለ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ፣ ሳይጫን፣ እንደ መጋዝ እየሳበ ይቁረጥ።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ

ሽንኩርቱ ላይ ሳላችሁ ከሆነ ምንም አይደለም። ክደኑት፤ ሲመጣ ወይም ከሰል ሲያያዝ ይቀጥላል።

ሥጋው በግማሽ በስሎ ከሆነ ግን ጊዜ የለም። ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠቀም ሰው ሥጋውን ከማስገባቱ በፊት ከሰሉን ግቢ ውስጥ አዘጋጅቶ፣ ክብሪቱን አጠገቡ አስቀምጦ መጀመር ያለበት። መጥበሻውን እንዳለ ከሰሉ ላይ አዛውሩ። በግማሽ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ "ነገ እጨርሰዋለሁ" ተብሎ አይቀመጥም፤ ለብ ያለው መሃሉ ለጀርም የተመቸ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ይጣላል።

ያልተጠበሰው ሥጋና እንቁላሉ ፍሪጅ ውስጥ ካሉ በሩን አትክፈቱ። ሳይከፈት እስከ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራቱ ከዚያ በላይ ጠፍቶ ከቆየ ሥጋውን ጣሉት።

የተረፈ ሽንኩርት በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በጠዋት ከእንቁላል ፍርፍር ጋር ይሄዳል። የተረፈ ቋንጣ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ክደኑት፤ ትኩሱን ከከደናችሁት እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።